ከባዕድ አገር ተመልሰው በደሴ ወይም በኮምቦልቻ ባዶ ቤት ሲገቡ የቤት ዕቃ እንዴት ይገዛል?

ከዓመታት ቆይታ በኋላ ከአረብ አገር ወይም ከሌላ ባዕድ አገር ወደ ደሴ የሚመለስ ሰው አገሩ ቢገባም በገበያው ውስጥ እንግዳ ነው። ከመስከረም 2013 ዓ.ም. በፊት የወጣ ሰው የ200 ብር ኖት ይዞ አያውቅም፤ ከግንቦት 2013 ዓ.ም. በፊት የወጣ ደግሞ ዛሬ ሽንኩርት ሻጯ ሳትቀር የምትቀበለውን ቴሌብር በስም እንጂ በእጁ አያውቀውም። በልቡ ይዞት የመጣው ዋጋም የሄደበት ዘመን ዋጋ ነው። ስለዚህ ተከራይቶ ወይም እርሱ በላከው ገንዘብ ቤተሰቡ ከሠራለት ቤት ገብቶ ዕቃ መግዛት ሲጀምር፣ አዲስ አገር እንደገባ ሰው ገበያውን ከሥሩ መማር ይኖርበታል።

ይህን የምጽፈው ታናሽ እህቴ ከዘጠኝ ዓመት በኋላ ከጅዳ ስትመለስ ቤቷን አብሬያት ስላቋቋምኩ ነው። ከእርሷም በፊት፣ በታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. ከጦርነቱ ሽሽት ወደ ደሴ ስንመለስ፣ ከበሩ በስተቀር ምንም ያልቀረለትን የራሴን ቤት ከማንኪያ ጀምሬ እንደ አዲስ ሞልቻለሁ። ሁለቱም ጊዜያት ያስተማሩኝ አንድ ነው። ቤቱን ሳይኖሩበት የተገዛ ዕቃ ገንዘብ ይበላል፤ ጥቂት ቀን ኖረውበት፣ ጉድለቱን በዓይን አይተው የገዙት ግን ቦታውን ያገኛል።

ከሁሉ በፊት ገንዘቡ

ዋጋን በሪያል፣ በድርሃም ወይም በዶላር ማስላት ከመጀመሪያው ቀን ያቁሙ። እህቴ ባለ ሱቁ ዋጋ በነገራት ቁጥር በልቧ ወደ ሪያል ትመልሰውና «ይህማ ርካሽ ነው» ትል ነበር። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ይህ ስሌት ይበልጥ ያታልላል፤ ምክንያቱም የያዙት ሪያል በብር ሲመነዘር ብዙ ቢመስልም፣ ከዚህ በኋላ የሚያገኙት ገቢ በብር ነው፤ ያ ሪያልም ሲያልቅ የሚተካው የለም። የአንድን ዕቃ ዋጋ ሲሰሙ ከዚህ አገር የወር ገቢ ጋር ያስተያዩት። እኔ የምመክረው ለቤት ዕቃ የመደቡትን ገንዘብ ለሁለት ከፍለው ግማሹን የመጀመሪያው ወር እስኪያልቅ ባንክ ውስጥ እንዲተዉት ነው። እህቴ ይህን የተቀበለችው ከአሥር ቀን በኋላ ነበር፤ በዚያ አሥር ቀን ውስጥ የገዛችው ባለ መስታወት ቡፌ ዛሬም ሳሎኗን አጣቦ፣ ውስጡ ግማሽ ባዶ ሆኖ ቆሟል።

ትላልቅ ዕቃዎችን ሲገዙ የተነገረዎት ዋጋ ተጨማሪ እሴት ታክስን ያካተተ መሆኑን ከመስማማትዎ በፊት ይጠይቁ፤ 15 በመቶ በፍሪጅ ወይም በቴሌቪዥን ዋጋ ላይ ሲደመር ቀላል አይደለም። ደረሰኝ ያልተሰጠበት የኤሌክትሪክ ዕቃ ሲበላሽ የሚመለስበት ቦታ የለውም። ሻጩ «ዋስትና አለው» ካለዎት የዋስትናው ጊዜ በደረሰኙ ጀርባ ላይ በእጁ ተጽፎ ማኅተም ይደረግበት።

ሁለቱ ከተሞች አንድ ዓይነት ዕቃ አይፈልጉም

ደሴ በጦሳ ተራራ ሥር፣ ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ተቀምጣለች። ኮምቦልቻ ከእርሷ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ፣ የሐረጎን ጠመዝማዛ ወርደው የሚደርሱባት፣ 1,850 ሜትር ገደማ ላይ ያለች ከተማ ናት። ርቀቱ አጭር ቢሆንም የዕቃ ዝርዝርዎን ይለውጠዋል። ደሴ ላይ የመጀመሪያው ገንዘብ ወደ ብርድ ልብስ ይሄዳል፤ ኮምቦልቻ ላይ ወደ አጎበር። በአገራችን ከ2,000 ሜትር በታች ያሉ አካባቢዎች ለወባ ተጋላጭ ተብለው ስለሚመደቡ፣ በተለይ ከክረምቱ መውጫ ጀምሮ ኮምቦልቻ ላይ ያለ አጎበር መተኛት አይገባም። አጎበር ሲገዙ ወይም ከጤና ጣቢያ ሲቀበሉ በመድኃኒት የተነከረ መሆኑን ይጠይቁ፤ ርዝመቱም ከፍራሹ ሥር የሚታጠፍ ትርፍ ይኑረው፤ ከአልጋው ጫፍ ላይ ተንጠልጥሎ የሚቀር አጎበር ትንኝን አይከለክልም።

ፍሪጅም እንደዚሁ ነው። ኮምቦልቻ ላይ ወጥ ከምሽት እስከ ማግስቱ ማታ ማቆየት ስለሚያስቸግር ፍሪጅ በመጀመሪያው ወር ቢገዛ አልቃወምም። ደሴ ላይ ግን ለሦስትና ለአራት ወር ሊቆይ ይችላል፤ ሽንኩርቱም ድንቹም ቀዝቃዛ ጥግ ላይ ይከርማሉ፤ ወጡም ማታና ጠዋት እየተሞቀ ይበላል። ሲገዙት ከአዲስ አበባ 400 ኪሎ ሜትር ያህል በአይሱዙ ተጭኖ፣ ምናልባትም በጎኑ ተኝቶ የመጣ መሆኑን ያስቡ፤ ቤት ከገባ በኋላ ቢያንስ ግማሽ ቀን ቀጥ ብሎ ሳይቆም ሶኬት ላይ አይሰኩት።

የከፍታው ነገር በድስቱም ውስጥ ይታያል። እህቴ በመጣች በሦስተኛው ቀን ባቄላ ቀቅላ ለቁርስ ልታደርስ ከማለዳ ጀምራ እስከ እኩለ ቀን ሳይበስልላት ቀረ። መጀመሪያ ከሰሉን ወቀሰች፤ ቀጥላ ባቄላው ያረጀ ነው አለች። ነገሩ ግን ሌላ ነበር። ጅዳ ባሕር ዳርቻ ስለሆነች ውሃ እዚያ በ100 ዲግሪ ይፈላል፤ ደሴ ላይ ግን 92 ዲግሪ ገደማ ሲደርስ ይፈላል፤ ኮምቦልቻ ላይ 94 ገደማ። ውሃው ቢንተከተክም ሙቀቱ ያነሰ ነው፤ እሳት ቢጨምሩበት ቶሎ ይተናል እንጂ ከዚያ በላይ አይሞቅም። ስለዚህ ለደሴ ቤት እንፋሎቱን አፍኖ የሚያበስለው ባለ መቆለፊያ ድስት ከመጀመሪያዎቹ ዕቃዎች መሆን አለበት። ሥጋውንም፣ ሽምብራውንም፣ ባቄላውንም በጊዜው ያደርሳል፤ ከሰልም ይቆጥባል። ሲገዙ የክዳኑ ጎማ ያልተሰነጠቀ፣ የእንፋሎት ማስወጫው ቀዳዳ ያልተደፈነ መሆኑን ወደ ብርሃን አንሥተው ይመልከቱ፤ ትርፍ ጎማም አብረው ይግዙ፤ በኋላ ልኩን ማግኘት ያስቸግራል።

ውሃ

በብዙ ሰፈር ውሃ በፈረቃ ነው የሚመጣው። ቤቱን ሲረከቡ አከራዩን ሳይሆን ጎረቤትን «በሳምንት ስንት ቀን ይመጣል? ማታ ነው ቀን?» ብለው ይጠይቁ፤ መልሱ ስንት ጀሪካን እንደሚገዙ ይነግርዎታል። ለአንድ ሰው ለመጠጥ፣ ለማብሰያና ለመታጠቢያ በቀን 20 ሊትር ቢታሰብ፣ አራት ሰው ያለበት ቤት በቀን 80 ሊትር ይፈልጋል፤ ውሃው በአምስት ቀን አንዴ የሚመጣ ከሆነ 400 ሊትር ማጠራቀም አለብዎት ማለት ነው። ይህ ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ከሆነ ሃያ ጀሪካን ነው። ግቢው ቦታ ካለው ባለ 500 ሊትር ሮቶ ይሻላል፤ ነገር ግን አንድ ሊትር ውሃ አንድ ኪሎ ስለሆነ የሞላ ሮቶ ግማሽ ቶን ይመዝናል፤ በእንጨት ቆጥ ወይም በለሰለሰ አፈር ላይ እንዳያስቀምጡት።

ያገለገለ ቢጫ የዘይት ጀሪካን ርካሽና ጠንካራ ነው። ሆኖም ሁሉም የዘይት ጀሪካን አይደለም፤ ኬሚካል ወይም ነዳጅ የነበረበትም አብሮ ይሸጣል። ክዳኑን ከፍተው ያሽቱ፤ በጥቂት ሙቅ ውሃ አንቀጥቅጠው እንደገና ያሽቱ። ሽታው ዘይት ካልሆነ ለልብስ ማጠቢያ እንኳ አይውሰዱት። ለመጠጥ ውሃ ከሥሩ መቅጃ ቧንቧ ያለው ክዳናም ባልዲ ለብቻው ይግዙ፤ ኩባያ እየተነከረ የሚቀዳበት ውሃ ንጹሕ ሆኖ አይቆይም። ለብዙ ቀን የተጠራቀመ ውሃ ሲጠጡ ያፍሉት ወይም ከመድኃኒት ቤት በሚገኘው ውሃ አጋር በተባለ የውሃ ማከሚያ፣ ጠርሙሱ ላይ በተጻፈው መጠን፣ ያክሙት።

እሳትና ምጣድ

አንድ ዓይነት ማብሰያ ብቻ ይዘው አይቀመጡ። መብራት ሲጠፋ ከሰል፣ ከሰል ሲወደድ ኤሌክትሪክ ያስፈልጋል። ጋዝ ለመግዛት ካሰቡ ሲሊንደሩን ከመግዛትዎ በፊት በሰፈሩ የት እንደሚሞላና በቅርቡ ጠፍቶ እንደሆነ ይጠይቁ፤ የማይሞላ ሲሊንደር ባዶ ብረት ነው። ቱቦው ሁለቱም ጫፍ ላይ በፋሸታ (በብረት ማሰሪያ) የታሰረ ይሁን፤ መፍሰስ አለመፍሰሱንም በሳሙና አረፋ እንጂ በክብሪት አይፈትሹ።

ለከሰል ተራ የቆርቆሮ ምድጃ ከመግዛት ውስጡ ሸክላ የሆነውን ላቀች ምድጃ ይምረጡ፤ ሙቀቱን ይዞ ስለሚቆይ በአነስተኛ ከሰል ብዙ ያበስላል። እዚህ ላይ ረጋ ብዬ ማሳሰብ የምፈልገው ነገር አለ። በደሴ ብርድ፣ በተለይ በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊት፣ የፋመ ምድጃ መኝታ ቤት ማስገባት ያጓጓል። ከሰል ሲነድ የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታም ጭስም የለውም፤ የተኛ ሰው ሳይነቃ ይገድላል። በየዓመቱ በብርዱ ወራት እንዲህ ያለ ሐዘን እንሰማለን። ሞቃት አገር የኖረ ሰው ደግሞ ብርዱን ስለማይችል ለዚህ ፈተና ይበልጥ የቀረበ ነው። ምድጃው ማታ ሳይተኙ በፊት ይውጣ፤ «በሩን ትንሽ ገርበብ አደርገዋለሁ» ማለት መፍትሔ አይሆንም።

የኤሌክትሪክ ምጣድ ሌላ ጉዳይ ነው። አንድ ምጣድ እስከ 3,500 ዋት ገደማ ይስባል፤ ይህ በ220 ቮልት 16 አምፔር ይሆናል። ለመብራት የተዘረጋ ቀጭን ሽቦ ይህን አይችልም፤ ይግላል፣ ቀስ በቀስም ሽፋኑ ይቀልጣል። ምጣዱን ከመግዛትዎ በፊት ኤሌክትሪሺያን ጠርተው ከቆጣሪው ለብቻው መስመር ያዘርጉ፤ ሽቦው ቢያንስ 2.5 ሚሊ ሜትር ካሬ፣ ወጥ ቤቱ ራቅ ካለ 4 ሚሊ ሜትር ካሬ ይሁን፤ የራሱ ብሬከርና የመሬት መስመር ይኑረው። በዲቫይደር ላይ ምጣድ መሰካት ፈጽሞ አይገባም። ግቢዎ ማገዶ የሚፈቅድ ከሆነ ከሲሚንቶ በክፍልፋይ ተሠርቶ የሚገጣጠመው ምርጥ ምድጃ አለ፤ ከሦስት ጉልቻ ጋር ሲነጻጸር የእንጨቱን ወጪ እስከ ግማሽ ይቀንሳል፤ ጭሱንም ያቃልላል።

ለማገዶ የሚሆነውን የሸክላ ምጣድ ሲመርጡ አይቸኩሉ። ምጣዱን በአንድ እጅ ከመሐሉ ሥር ደግፈው፣ በሌላኛው እጅ ጣት አጥፈው ከመሐል ወደ ዳር እየሄዱ መታ መታ ያድርጉት። ደህናው ጥርት ያለ፣ የሚያቃጭል ድምፅ ይሰጣል፤ በዓይን የማይታይ ስንጥቅ ያለበት ግን የታፈነ፣ የሞተ ድምፅ ያሰማል። ቀጥሎ ፊቱን በመዳፍዎ ይዳብሱት፤ ጠጠር ወይም ጎድጓዳ ካለበት እንጀራው እዚያ ቦታ ላይ ሁልጊዜ ይይዛል። ቤት ከገባ በኋላ ይሟሻል። ምጣዱን በቀስታ አሙቀው፣ የተወቀጠ ጎመን ዘር በትነው በማሰሻ ጨርቅ እየዞሩ ያሹት፤ ዘሩ ሲያር ጠርገው እንደገና ይበትኑ፤ ፊቱ ጠቁሮ እስኪያብረቀርቅ ድረስ ይደጋገም። እናቴ ይህን ግማሽ ቀን ሙሉ ትሠራው ነበር፤ በደንብ የተሟሸ ምጣድ ለዓመታት ያገለግላል። አክምባሎው፣ ሰፌዱና የሊጥ ዕቃው ከምጣዱ ጋር ልካቸው እየታየ ይገዛሉ።

ይህም ሆኖ ለመጀመሪያዎቹ ሳምንታት እንጀራ ከሰፈር ጋጋሪ ቢገዙ ነውር የለውም። ጤፍ ሲገዙም ኩንታሉን በአንዴ አያስገቡ፤ 25 ኪሎ ገዝተው አስፈጭተው፣ አሸዋ እንደሌለውና ሊጡ እንደሚነሣ አይተው ከዚያው ነጋዴ ዘንድ ይመለሱ። በርበሬውን ዛላውን ገዝቶ ማዘጋጀት አድካሚ ቢሆንም የሚበሉትን ያውቁታል፤ ለጊዜው ግን ከሚታመን ዘመድ ሁለት ኪሎ መጠየቅ ይቀላል።

መኝታ

ፍራሽ ከአልጋ ይቀድማል፤ አልጋው ሳይመጣ መሬት ላይ ምንጣፍ አንጥፈው ፍራሹን መጠቀም ይችላሉ። ስፖንጁ ወፍራም ስለሆነ ብቻ ጥሩ አይምሰልዎ። በጉልበትዎ ተንበርክከው መሐሉን ይጫኑት፤ ጉልበትዎ ወለሉን ከነካ በስድስት ወር ውስጥ ጎድጉዶ ወገብ ያሳምማል። አልጋ ከእንጨት ቤት ሲያሠሩ የበሩን ስፋትና የመኝታ ቤቱን ርዝመት ለክተው ወረቀት ላይ ይዘው ይሂዱ።

ያገለገለ አልጋና ሶፋ መግዛት ጥሩ ቁጠባ ነው፤ ሆኖም ቀን በፀሐይ ይዩት። የፍራሹንና የሶፋውን ስፌት በሁለት ጣት ከፈት አድርገው ይመልከቱ፤ እንደ ቀለም ነጠብጣብ ጥቁር ነጥቦች ካዩ ትኋን አለበት፤ በነፃ ቢሰጥዎም ይተዉት። አንዴ ቤት ከገባ ማውጣቱ ከዕቃው ዋጋ ይበልጣል።

ለደሴ ሌሊት አንድ ወፍራም ብርድ ልብስና አንድ ጋቢ ለአንድ ሰው ዝቅተኛው ነው። ጋቢ ሲገዙ ጫፉን ይዘው ድርቡን ይቁጠሩ፤ ደንበኛው ጋቢ አራት ድርብ ነው፤ ሁለት ድርብ ከሆነ በጋቢ ዋጋ ነጠላ እየገዙ ነው። ከደጋው የሚመጣ የበግ ፀጉር ባና ካገኙ ከፋብሪካው ብርድ ልብስ አስበልጬ እመርጠዋለሁ፤ ይከብዳል፣ ግን ያሞቃል። አንሶላና ፎጣ ከሩቅ አይፈልጉ፤ የኮምቦልቻ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ሁለቱንም ያመርታል፤ ከጥጥ የተሠራ አንሶላ ከተንሸራታቹና ከሚያብረቀርቀው ይልቅ ብዙ ጊዜ ይታጠባል።

ከውጭ የመጣ የኤሌክትሪክ ዕቃ

በካርጎ የሚመጣ ዕቃ ብዙ ደስታ፣ ብዙ ጊዜም ጸጸት ይዞ ይመጣል። እህቴ ከዓመታት በፊት ካገለገለችበት ቤት የተሰጣትን የጁስ መፍጫ እንደ ልጅ አቅፋ ነው ያመጣችው። በገባች በማግስቱ ጠዋት ሶኬት ላይ ሰካችው፤ አንድ ጊዜ ጮኸ፣ ነጭ ጭስ ወጣው፣ ሽታው ለሦስት ቀን ወጥ ቤቱን አልለቀቀም። ገልብጬ ሥሩን ስመለከት የተለጠፈበት ጽሑፍ 110–127 ቮልት፣ 60 ሄርዝ ይላል። በሳውዲ አረቢያ ለረጅም ዘመን ቤቶች 127 ቮልት ይጠቀሙ ስለነበር እንዲህ ያሉ ዕቃዎች ዛሬም በየቤቱ አሉ፤ የእኛ አገር መስመር ግን 220 ቮልት፣ 50 ሄርዝ ነው። ከአሜሪካ የሚመጣ ዕቃም ተመሳሳይ ችግር አለበት።

ስለዚህ ማንኛውንም ዕቃ ከመጫንዎ በፊት፣ ከጫኑም ከመሰካትዎ በፊት፣ ከኋላው ወይም ከሥሩ ያለውን ጽሑፍ ያንብቡ። «220–240 ቮልት፣ 50/60 ሄርዝ» ወይም «100–240 ቮልት» ካለ ያለ ሥጋት ይሰኩ፤ የስልክና የላፕቶፕ ቻርጀሮች አብዛኞቹ እንዲህ ናቸው። ቮልቱ ልክ ሆኖ «60 ሄርዝ» ብቻ የሚል ሞተር ያለው ዕቃ፣ ለምሳሌ ልብስ ማጠቢያ፣ ቢሠራም ዝግ ይላል፣ ይግላል፣ ዕድሜውም ያጥራል፤ የካርጎ ሂሳብ ከፍለው አያምጡት። ከዱባይ፣ ከኩዌትና ከሳውዲ የሚመጡት ብዙዎቹ ባለ ሦስት ጠፍጣፋ ጥርስ ስለሆኑ የእኛ ክብ ቀዳዳ ሶኬት አይቀበላቸውም። ለቻርጀር ማስማሚያ ይበቃል፤ ለካውያና ለውሃ ማፍያ ግን ርካሽ ማስማሚያ ስለሚቀልጥ ኤሌክትሪሺያን የገመዱን መሰኪያ ይቀይርልዎ። አውቶማቲክ ልብስ ማጠቢያ የማይቋረጥ ውሃ እንደሚፈልግም አይርሱ፤ ውሃው በፈረቃ በሚመጣበት ቤት ሁለት ትላልቅ ሳፋዎች የበለጠ ያገለግላሉ።

መብራት ሲጠፋና ሲመጣ ቮልቱ ከፍና ዝቅ ስለሚል ለፍሪጅና ለቴሌቪዥን ስታብላይዘር ይግዙ። አንድ ቻርጅ የሚደረግ መብራትም ከመጀመሪያው ቀን ይኑርዎት።

ገበያው

የደሴ ትልቁ የገበያ ቀን ሰኞ ነው። ሸክላው፣ ሰፌዱ፣ ሞሰቡ፣ እህሉና ቅቤው ከየገጠሩ የሚገባው በዚያ ቀን ስለሆነ ለእነዚህ ዕቃዎች ሰኞን ይጠብቁ፤ ለፕላስቲክ፣ ለድስትና ለብርጭቆ ግን ማንኛውም ቀን አንድ ነው፤ የፒያሳና የአራዳ ሱቆች ሰፊ ምርጫ አላቸው። የመጀመሪያውን ሰኞ ምንም ሳይገዙ ዋጋ በመጠየቅ ብቻ ቢያሳልፉት እመክራለሁ። ሦስት ቦታ ጠይቀው፣ ስልክዎ ላይ ጽፈው ቤት ይግቡ። ከእርስዎ ጋር ሁልጊዜ ገበያ የሚውል ሰው፣ አክስትም ትሁን ጎረቤት፣ ይሂድ፤ አለባበስዎና አነጋገርዎ ከውጭ እንደመጡ ቶሎ ያሳብቅብዎታል፤ ዋጋውም ያንን ያህል ይንራል።

ክርክር ስድብ እንዳልሆነ ያስታውሱ፤ «የመጨረሻው ስንት ነው?» ማለት የተለመደ ነው። ሻጯ ከዋጋው አልወርድም ካለች «እሺ፣ ምርቃት ይጨምሩልኝ» ይበሉ፤ ድንቹም፣ ቃሪያውም፣ ሎሚውም ላይ እፍኝ መጨመር የቆየ ልማድ ነው። ከገጠር ከመጣች አሮጊት ጋር ስለ አምስት ብር ረጅም ክርክር ግን አልወድም።

ጀበናው

ብዙ ሰው የቡና ዕቃን ከሳሎን ዕቃዎች ጋር በመጨረሻ ይመድበዋል። እኔ በመጀመሪያው ሳምንት እንዲገዛ እላለሁ፤ ምክንያቱም እንኳን ደህና መጣሽ የሚል ጎረቤት ሶፋው እስኪመጣ አይጠብቅም። ወሎ ላይ ደግሞ ሰው የሚተዋወቀው፣ የቧንቧው ፈረቃም፣ ታማኙ ኤሌክትሪሺያንም፣ የሚከራይ ቤትም የሚታወቀው ከአቦል እስከ በረካ ባለው ጨዋታ ነው። ስድስት ሲኒ፣ ረከቦት፣ ጀበና፣ መቁያ፣ ሙቀጫና ዘነዘና፣ በቡናው ላይ ለሚጨሰው አድሩስም ትንሽ ማጨሻ ይበቃል፤ ወንበር ከሌለ ሁለት በርጩማ ጨምሩበት።

ጀበናን እዚያው ገበያ ላይ ውሃ ሞልተው ለጥቂት ደቂቃ ሰፌድ ወይም ወረቀት ላይ አስቀምጠው ይዩት፤ ከሥሩ እርጥበት ከተወ ይለውጡት። አንገቱ ከሆዱ ጋር የተጣበቀበትን ቦታ በጥፍርዎ ቀስ ብለው ይጫሩት፤ በመረግ ወይም በቀለም የተደፈነ ስንጥቅ እዚያ ነው የሚደበቀው። ቤት ሲደርሱ አንድ ሌሊት በውሃ ሞልተው ያሳድሩት፤ በማግስቱ ያገለገለ የቡና አተላ ከውሃ ጋር ጨምረው በዝግታ ያፍሉት፤ ደፍተው፣ አጥበው፣ ሁለት ጊዜ ይድገሙት። የመጀመሪያው ውሃ አፈር አፈር ይላል፤ ሦስተኛው ቡና ቡና መሽተት ሲጀምር ጎረቤት መጥራት ይችላሉ።